ይቁም! ማስቆሙም ይቁም!

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በሚባለው የካርድ ጨዋታ ውስጥ ዘንዶ አለ፤ መልአክ አለ፤ ከመቃብር ተነስቶ የሚሄድ ሬሳ አለ፤ ሜዳውን በአንድ ትንፋሽ ጠራርጎ የሚበላ እሳት አለ። ይህን ሁሉ ጉድ በእጁ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳለት አንድ ሰማያዊ ካርድ ነው። ካውንተርስፔል ይባላል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሊያደርግ የጀመረውን ከንቱ ማድረግ። ባላንጣው ጉልበቱን ሲያጠራቅም ቆይቶ፣ ዓይኑ በርቶ፣ ዘንዶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ፣ ባለ ሰማያዊው ሁለት ማና (የጨዋታው መክፈያ መሆኑ ነው) ይከፍልና «አይሆንም» ይላል። ዘንዶው ሳይወለድ መቃብር ይወርዳል።

የከልካዩን ፊት ልብ ብላችሁ እዩት። ዘንዶ ጠርቶ የተሳካለት ሰው እንዲህ ያለ ፈገግታ የለውም። ዘንዶ የጠራ ሰው «ደግሞ ምን ይመጣብኝ ይሆን» እያለ ይሰጋል። የሌላውን ዘንዶ ያስቀረ ግን ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ካርዶቹን በጣቱ እያገላበጠ፣ «በል እንግዲህ ቀጥል» እንደማለት አገጩን ብቅ ያደርጋል። ምንም ሳይሠራ፣ የሌላውን ሥራ በማስቀረት ብቻ የጠገበ ሰው ማየት ለሚፈልግ በየቢሮው መንከራተት አያስፈልገውም።

ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሂሳብ ሰው ነው። ዶክትሬቱን የያዘውም፣ ጨዋታው ገበያ የወጣውም በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ለረጅም ዓመታት የተቀመጠው ከሲያትል ወደ ደቡብ ወረድ ብላ በምትገኘው ሬንተን ነው፤ እንጀራ ለመግዛት ሩቅ መሄድ በማያስፈልግበት፣ አበሻ በሞላበት አካባቢ። በበሩ የሚያልፍ ያገራችን ሰው፣ ውስጥ ያሉት ለልጆች ሥዕል እያተሙ የሚሸጡ ሊመስለው ይችላል። ሥዕሉ ማሸጊያ ነው። በፓኬት የሚሸጠው የመጨረሻው ቃል ነው። ኩባንያው ለአንዱ የመጨረሻውን ቃል ሸጦ ሲያበቃ፣ ለሌላው ደግሞ ከመጨረሻው ቃል በኋላ የሚመጣውን ቃል ይሸጥለታል። በዚህ ንግድ ከ30 ዓመት በላይ ኖሮበታል፤ ገዢውም እስካሁን «ተታለልኩ» ብሎ አልተነሳም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። በ1993ቱ ደንብ በራስ ተራ ብቻ የሚጣል ካርድ አለ፤ ሶርሰሪ ይሉታል። በማንም ተራ ጣልቃ የሚገባ አለ፤ ኢንስታንት ነው። ከሁለቱም የፈጠነ፣ ሌላው ሰው ገና ካርዱን እየጣለ ሳለ ከአፉ የሚነጥቅ ደግሞ አለ፤ ኢንተራፕት። ካውንተርስፔል ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበር። ለኢንተራፕት መልስ መስጠት የሚችለው ሌላ ኢንተራፕት ብቻ ነው። ሰላም ወዳድ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚህ ላይ ያቆመው ነበር፤ ቀርፋፋ፣ ፈጣን፣ እጅግ ፈጣን፣ አበቃ። ካርድ ገዢ ግን ሰላም ወዳድ አይደለም። ጥቂት ቆይቶ፣ ማና የሚያመነጩ አንዳንድ ካርዶች ማንም እንዳይመልስባቸው «ማና ሶርስ» የሚል አራተኛ ማዕረግ ተሰጣቸው። ጉዳት የሚከላከል ካርድ የሚጣልበትም የራሱ ቅጽበት ተበጀለት፤ ጉዳቱ ሊደርስ ሲል እንጂ ቀደም ብሎም ዘግይቶም አይሆንም። ተጫዋቹ ዘንዶውን ረሳና ማን ከማን እንደሚቀድም የሚለይ የፕሮቶኮል ሹም ሆኖ አረፈው።

በ1999 የወጣው ስድስተኛው እትም ይህን ሁሉ ጠራረገው። ኢንተራፕቱም ማና ሶርሱም ከነማዕረጋቸው ወርደው ኢንስታንት ሆኑ። በምትኩ «ስታክ» የሚባል ቁልል መጣ። ሕጉ አጭር ነው፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይፈጸማል። ይህን ሰምቶ «ገባኝ» የማይል የለም። ገብቶት የሚገኘው ግን ጥቂት ነው።

እስኪ ሜዳችሁ ላይ ጉልበቱም ጽናቱም 2 የሆነ አንድ ድብ አለ እንበል። ባላንጣችሁ ላይትኒንግ ቦልት የተባለ፣ 3 ጉዳት የሚያደርስ መብረቅ ወረወረበት። በእጃችሁ ደግሞ ድቡን ለጊዜው በ3 የሚያሳድግ ጃያንት ግሮውዝ አለ። መብረቁ ቁልሉ ላይ እንዳለ ማሳደጊያውን ከላዩ ትደርባላችሁ። የኋለኛው ይቀድማልና ድቡ መጀመሪያ ያድጋል፤ ጽናቱ 5 ይሆናል፤ መብረቁ ጸጉሩን አቃጥሎ ያልፋል። አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። እናንተ ቸኩላችሁ ማሳደጊያውን ቀድማችሁ ጣላችሁ፤ ባላንጣችሁ ረጋ ብሎ መብረቁን ከላይ ደረበ። መብረቁ ቀድሞ ይወርዳል፤ ድቡ ገና ሳያድግ ይሞታል፤ ማሳደጊያው ተራው ደርሶ ሲመጣ የሚያሳድገው አጥቶ ይከስማል። ካርዶቹ ያው ናቸው። ድቡም ያው ድብ ነው። የተለየው ቀድሞ አፉን የከፈተው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት አንዴ የገባው ሰው ከዚያ በኋላ ቀድሞ መናገር አይወድም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ከተገናኙ ጨዋታው ወደ ዝምታ ይለወጣል። አንዱ ኮርኒሱን ያያል፤ ሌላው ካርዱን ለአሥረኛ ጊዜ ያነብባል፤ ሁለቱም ለመዋጋት ትኬት ከፍለው ገብተው ሁለቱም «እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ።

ተራን በተመለከተ የኛ አባቶች ፍጹም የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በጻፉለት በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ ጨዋታው የሚከፈተው ወረራ በሚባል ምዕራፍ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየሰለለ የራሱን ያስተካክላል፤ ሌላውም ያንኑ ያደርጋል። የዚያ ዘመን ባለሰንጠረዥ ተነስቶ የማጂክ ጠረጴዛ ቢያይ፣ እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት በምን እንደሆነ ከማወቁ በፊት እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

በማጂክ ማን መናገር እንደሚችል የሚወስነው ፕራዮሪቲ የሚባል ፈቃድ ነው። መጀመሪያ ለባለተራው ይሰጣል፤ እሱ ሲያልፈው ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሁሉም በተከታታይ እስኪያልፉ ድረስ በቁልሉ ጫፍ ያለው አይፈጸምም። አንዱ አንድ ነገር ከደረበ ዙሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም ሰው «ፈቃዴን አሳልፌአለሁ» ብሎ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ራሱን ይነቀንቃል፤ በእጁ ይጠቁማል፤ «እህ» ይላል። እንግዲህ ያ «እህ» «ሰማሁህ» ነው ወይስ «ይሁንልህ»?

የእህቴ ልጅ አንድ ዓርብ ማታ ወደ አንድ የጨዋታ ሱቅ ይዞኝ ሄዶ ይህን ጥያቄ በዓይኔ አየሁት። ጺማቸው ሸበት ያለ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ አንድ ግዙፍ ፍጡር ጣለ። ሌላው አንገቱን አከክ አደረገ። የጣለው ሰው ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ጨዋታውን ሊቀጥል ሲል፣ ያኛው «ቆይ፣ ገና እያሰብኩ ነው» አለ። በላ ልበልሃው ተጀመረ። «ነቅንቀሃል!» «አንገቴን ነው ያከክሁት!» «ከነቀነቅህ በኋላ ነው ያከክኸው!» ነገሩ ሲከር እኔም እንደ አቅሜ ላስታርቅ ብዬ አፌን ስከፍት የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ፤ ፕራዮሪቲ የለዎትም» አለኝ። ዳኛ ተጠራ። የሁለቱን ልጅ የሚያህል ጎረምሳ መጣ። ሁለቱም ተራ በተራ፣ በትሕትና፣ አንዱ ስለ ንቅናቄው ሌላው ስለ እከኩ አስረዱት። ልጁ ፊቱን ሳያጥፍ ሰማና ማከክ ፈቃድ ማሳለፍ አይደለም ብሎ ፈረደ። አካኪው ካውንተርስፔሉን አወጣ። የግዙፉ ፍጡር ባለቤት ለቀረው ጨዋታ ሁሉ፣ ባላንጣው እጁን ባነሳ ቁጥር «ይህስ ምንድን ነው? ይህስ?» እያለ ሲጠይቅ አመሸ።

ይህ የሰፈር ሱቅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። በትልልቁ መድረክም ያው ነው። በውድድር ደንብ አንዳንድ አነጋገሮች አቋራጭ ናቸው፤ አንድ ቃል ብዙ እርምጃ ያሻግራል። ባለተራው «ውጊያ» ካለ፣ የውጊያውን መግቢያ አልፎ አጥቂዎቹን ማሳያው ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠር ነበር። ልክ በመግቢያው ላይ የሚሠራ ካርድ ያለው ሰው «ውጊያ» ብሎ ካርዱን ሊያሠራ ሲል «አልፈኸዋል» ይባላል። በ2017 መጀመሪያ ደብሊን በተደረገው ፕሮ ቱር በተባለው ትልቅ ውድድር ይህ ነገር ብዙ ሰው እያየ ደረሰ፤ ጫጫታ ሆነ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የቃሉ አፈታት ተሻሻለ። ለስንት ዘንዶ የተዘጋጀ ሰው በአንዲት የገዛ ቃሉ ተሰናክሎ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል፤ ማሳቁም አይቀርም።

ቁልሉ ራሱም የራሱን ቂልነት መውለዱ አልቀረም። ከ1999 እስከ 2009 የውጊያ ጉዳትም እንደ ካርድ ቁልሉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሞግ ፋናቲክ የሚባል አንድ ፍሬ ጎብሊን አለ፤ ራሱን ቢሠዋ 1 ጉዳት ያደርሳል። ተጫዋቾች ይህ ጎብሊን መጀመሪያ ቡጢውን እንዲሰነዝር ያደርጉታል፤ ቡጢው ቁልሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ይሠዉታል፤ በመሠዋቱ 1 ጉዳት ይወጣል፤ ከዚያ ባለቤቱ የሞተበት ቡጢ ዘግይቶ ይደርስና ሌላ 1 ይጨምራል። «ክንዱ ሳይኖር ቡጢው እንዴት ይመታል?» ብሎ የጠየቀ አዲስ ሰው ይሳቅበት ነበር። በ2009 ኩባንያው ራሱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀና ደንቡን አነሳው። ይሄኔ ነባሮቹ እሪ አሉ፤ ጨዋታው ለሕፃን ተሰጠ፣ ጥበቡ ሞተ ተባለ። ለሞተው ጥበብ ያለቀሱት አብዛኞቹ እሱን ለመረዳት ወራት የፈጀባቸው ናቸው። ተቸግሮ የተማረውን ቂልነት ማንም በነፃ አይለቅም።

ወደ ስረዛው ንግድ ልመለስ፤ እውነተኛው ትዕይንት እዚያ ነው።

ካውንተርስፔል ሁለት ማና ይጠይቃል። ማና የጨረሰ ሰውስ መከልከል አያምረውም? በ1996 ፎርስ ኦቭ ዊል ወጣለት። 1 ሕይወት ከፍሎ፣ በእጁ ካለው አንድ ሌላ ሰማያዊ ካርድ ከጨዋታው አስወግዶ፣ ያለ አንዳች ማና ይሰርዛል። ስሌቱን አስቡት፤ የሌላውን አንድ ካርድ ለማስቀረት የራሱን ሁለት ካርድና ትንሽ ደሙን ይከፍላል። ጎረቤቱ በሬ እንዳይገዛበት ሁለት በሬውን የሸጠ ገበሬ ማለት ነው። ካርዱ ግን እስከ ዛሬ ከሚወደዱትና ከሚወደሱት አንዱ ነው።

ይህም ውድ ነው ላለ በ2007 ፓክት ኦቭ ኒጌሽን ተበጀለት። ዋጋው ዜሮ ነው። ዛሬ በነፃ ይሰረዛል፤ ዕዳው የሚከፈለው የከልካዩ የራሱ ተራ ተመልሶ ሲገባ ነው፤ 5 ማና። ያልከፈለ ጨዋታውን እዚያው ይሸነፋል። ባላንጣውን አክሽፎ ልቡ ያበጠ ሰው፣ ተራው ሲደርስ በደስታ ካርድ ለመሳብ እጁን ሲዘረጋ ይታያችሁ። ዕዳውን ረስቷል። ማዶ የተቀመጠው ግን ካርዱ ከተሰረዘበት ቅጽበት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበም።

በ2006 ደግሞ ስሙ በቀጥታ ካንስል የተባለ ካርድ መጣ። ካውንተርስፔል በሁለት ማና የሚሠራውን እሱ በሦስት ይሠራል፤ ሌላ ልዩነት የለውም። በ«አይሆንም» ላይ ዋጋ ተጨመረ። ገዢው አጉረመረመና ከፈለ።

ከልካይ ሲበዛ ተከልካይም ገበያ ይሆናል። እናም «ሊሰረዝ አይችልም» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ካርዶች፣ ሌላውን ከመሰረዝ የሚያድኑም ካርዶች መጡ። የ2012ቱ ካቨርን ኦቭ ሶልስ ከመሬት ካርዶች አንዱ ነው፤ ባለቤቱ አንድ የፍጡር ዘር ይጠራል፤ ከዚያ መሬት በተገኘ ማና የተጣለ የዚያ ዘር ፍጡር አይሰረዝም። እዚህ ላይ ደንቡ አንድ የምወደው ክፋት አለው። የማይሰረዝን ካርድ ለመሰረዝ መሞከር አልተከለከለም። ካውንተርስፔሉን አነጣጥሮ መጣል ይቻላል፤ ማናው ይከፈላል፤ ካርዱ ቁልሉ ላይ ይወጣል፤ በሥርዓት ይፈጸማል፤ ምንም አይሆንም፤ መቃብር ይገባል። ደንቡ ቂልን አይከለክልም፤ ያስተናግዳል።

ካንስል በወጣበት በዚያው የ2006 እትም ላይ ኩባንያው የነገር ሁሉ መዝጊያ ያለውን ስፕሊት ሰከንድ አወጣ። ይህ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ቁልሉ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ካርድ መጣል አይችልም፤ ማና ከማመንጨት በቀር ማንኛውንም ችሎታ ማንቀሳቀስም አይችልም። በቃ፣ ዝም። ግን የተገለበጠ ፍጡርን ፊቱን ወደ ላይ መመለስ ካርድ መጣልም ችሎታ ማንቀሳቀስም አይደለም ይላል ደንቡ። በ2015 ስትራተስ ዳንሰር የሚባል ፍጡር መጣ፤ ተገልብጦ ይተኛል፤ ሲገለጥ አንድ ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ ይሰርዛል። ዝም በሉ የተባለው ክፍል ውስጥ አንዱ ተኝቶ ነበር፤ ነቅቶ ከልክሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ስቶርም የሚሉት ደግሞ ከልካይን ለማሾፍ የተፈጠረ ይመስላል። የ2003ቱን ቴንድሪልስ ኦቭ አጎኒ ውሰዱ። ከባላንጣው 2 ሕይወት ይነጥቃል፤ በዚያ ተራ ከሱ በፊት ለተጣለ ለእያንዳንዱ ካርድ ደግሞ አንድ ቅጂ ይወለዳል። ቀድመው አሥር ከተጣሉ፣ ዋናው ሳይቆጠር አሥር ቅጂ ይሆናል፤ ቅጂዎቹ ብቻቸውን 20 ይነጥቃሉ፤ የጨዋታው መነሻ ሕይወትም ልክ 20 ነው። ከልካዩ ካውንተርስፔሉን በኩራት ያወጣና ዋናውን ይሰርዛል። አሥሩ ቅጂዎች ግን እየተግተለተሉ ይመጣሉ። እሱም እስኪሞት ድረስ የሰረዘውን ካርድ በጣቱ እየጠቆመ «ሰርዤዋለሁ እኮ» ይላል።

በማጂክ ብቻ እንዳታሙኝ ዩጊኦንም ላንሳ። ካዙኪ ታካሃሺ በ1996 በጀመረው የሥዕል ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ኮናሚ የካርድ ጨዋታውን ጃፓን ውስጥ ያወጣው በ1999 ነው። ማጂክ የፍጥነት ማዕረግን አንስቶ በጣለበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ዩጊኦ ከመሬት አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቁጥር ሰጠው። ስፔል ስፒድ 1፣ 2፣ 3። በ3ኛው ላይ ካውንተር ትራፕ የሚባሉት ብቻ ተቀምጠዋል፤ እነሱን ከነሱ በቀር የሚመልስላቸው የለም። ከነሱ አንዱ ሶለም ጃጅመንት ነው። ዋጋው የባለቤቱ ሕይወት ግማሽ ነው። 8000 ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ የሌላውን አንድ ካርድ ለማክሸፍ 4000 ቆርሶ ይሰጣል። የተቆረሰው ለባላንጣው ትልቅ ስጦታ መሆኑን ቆይቶ ይረዳዋል።

ዩጊኦን ዩጊኦ የሚያደርገው ግን ሥርዓተ ነጥቡ ነው። ከ2011 ጀምሮ ካርዶቹ የሚጻፉት እያንዳንዷ ነቁጥ የሕግ ኃይል እንዲኖራት ተደርጎ ነው። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ካርዱ የሚነሳበት ሁኔታ ነው። ከሁለት ነጥቡ እስከ ድርብ ሰረዙ ያለው ወዲያው የሚደረግ ነው፤ ዋጋ ከሆነ ይከፈላል፣ ዒላማ ከሆነ ይመረጣል። ከድርብ ሰረዙ በኋላ ያለው የካርዱ ሥራ ነው። ካርዱ ከተሰረዘ ሥራው ይቀራል፤ ከድርብ ሰረዙ በፊት የተከፈለው ግን አይመለስም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ድርሰቱ ላይ ነጥብ ማድረግ ተለምኖ እንቢ ብሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በአንድ ድርብ ሰረዝ ላይ ቆሞ ዳኛ ይጠራል።

«ሲሆን» እና «ከሆነ» ደግሞ አሉ። «ይህ ሲሆን እንዲህ ማድረግ ትችላለህ» የሚል ካርድ፣ «ይህ» የተባለው ነገር ከሁሉ በመጨረሻ የሆነ መሆን አለበት። ከሱ በኋላ ሌላ ትንሽ ነገር ከሆነ ዕድሉ አመለጠ። «ይህ ከሆነ እንዲህ ማድረግ ትችላለህ» የሚለው ግን አያመልጠውም። ፔተን ዘ ዳርክ ክላውን የሚባል ቀልደኛ አለ፤ መቃብር ሲገባ ወንድሙን የመጥራት መብት አለው። ነገር ግን ለሌላ ትልቅ ጭራቅ መጥሪያ መሥዋዕት ተደርጎ ከገባ መብቱ ጠፋ። ለምን? እሱ ሞተ፤ ከዚያ ጭራቁ መጣ። የመጨረሻው ነገር የጭራቁ መምጣት እንጂ የፔተን መሞት አይደለም። ቀልደኛው የሞተው ሰዓቱን ሳይጠብቅ ነው። ይህን ፍርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ሞቷል አይደል እንዴ?» ይላል። ሞቷል። ግን ዘግይቶ አልሞተም።

ብዙዎች የወደቁበት ወጥመድ ግን ሚስቲካል ስፔስ ታይፉን ነው። የሌላውን አስማት ወይም ወጥመድ የሚያወድም ካርድ ነው። ማውደም ደግሞ መሰረዝ አይደለም። አንዱ ሁለት ካርድ የሚያስስብ አስማት ይጥላል፤ ሌላው ታይፉኑን ያስነሳል፤ አስማቱ ወድሞ መቃብር ይገባል፤ ባለቤቱ ሁለት ካርዱን በሰላም ይስባል። ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ካርድ ቢሆን ኖሮ ይከሽፍ ነበር፤ ተጥሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን ማውደሙ ፋይዳ የለውም። ሰውየው ወረቀቱን ቀዶ ውሉን ያፈረሰ መስሎታል። ሌላም አለ። «በአንድ ተራ አንድ ብቻ ማንሳት ትችላለህ» የተባለ ካርድ መነሳቱ ከተሰረዘ እንዳልተነሳ ይቆጠራልና ሁለተኛውን ቅጂ መጣል ይቻላል፤ «በአንድ ተራ አንዴ ብቻ መጠቀም ትችላለህ» ከተባለ ግን ተሰረዘም አልተሰረዘም አበቃ። ይህን ልዩነት ለሚስቱ ማስረዳት የሚችል ባል እስካሁን አላገኘሁም።

የማጂክ አጠቃላይ ደንብ ዛሬ ወደ 300 ገጽ ይጠጋል። ደንቡ ይህን ያህል ገጽ ከፈጀ በኋላ ሁሉም ነገር መልስ አግኝቷል ማለት አይደለም። በ2019 ሦስት ሰዎች ባወጡት ጥናት ከማጂክ ካርዶች የኮምፒዩተርን ሥራ የሚሠራ አሠላለፍ መዘርጋት እንደሚቻል፣ እንዲህ ባለው አሠላለፍ ውስጥም ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚያሰላ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አሳዩ። ተጫዋቾቹ ዜናውን በኩራት አወሩት። አንገት ማከክ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልተስማሙም።

በውድድር ላይ ለአንድ ዙር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 50 ደቂቃ ነው፤ ሲያልቅ 5 ተራ ይጨመርና ይቆማል። ሰዓቱን የሚሰርዝ ካርድ እስካሁን አልታተመም። በክርክር ግን ይሞከራል። ዳኛ ተጠርቶ ጉዳዩ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀ፣ ለዚያ ጠረጴዛ የባከነው ጊዜ ይመለስለታል። በፍርዱ ያልተደሰተ ወደ ዋናው ዳኛ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ዋናው ዳኛ አዳራሹን አቋርጦ እስኪመጣ፣ ንቅናቄውንና እከኩን እንደ አዲስ እስኪሰማ ድረስ ያለው ሁሉ ይደመራል። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ የመጨረሻው ጠረጴዛ ሳይጨርስ አይጀመርም። እናም በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ መቶዎች ጨዋታቸውን ጨርሰው፣ ሁለት ሰዎች ማን ቀድሞ እንደተናገረ እስኪስማሙ ይጠብቃሉ። ቆመው አይጠብቁም። ወለሉ ላይም፣ ኮሪደሩ ላይም ካርዳቸውን ዘርግተው ሌላ ጨዋታ ይጀምራሉ። የዊዛርድስ መሥራች ፒተር አድኪሰን ጋርፊልድን መጀመሪያ የለመነው ይህንኑ ነበር፤ ሰዎች በጨዋታ ጉባኤ ላይ አንዱን ጨርሰው ሌላው እስኪጀመር ድረስ የሚጫወቱት፣ በቀላሉ የሚያዝ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር።